ፊደል የሳተ ትእዛዝ፦ ታፕ-1 የተባለው ጂንና ዲስቶኒያ

እርሳስ የጨበጠ እጅ ለመጻፍ ሲነሣ ብቻ ይጣመማል፤ እርሳሱ ሲቀመጥ ይፈታል። ውሎ አድሮ አንገት ወደ አንድ ወገን ይዞራል፤ ንግግርም ይተሳሰራል። ይህ ሕመም ዲስቶኒያ ይባላል። እጅን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ ተራ በተራ መሥራታቸውን ትተው በአንድነት ይኮማተራሉ። የታማሚው አእምሮ ግን ንቁ ነው፤ በተለመደው የአንጎል ምርመራም ብዙ ጊዜ የሚታይ ጉድለት የለም። ስለዚህም ስንቱ ታማሚ «የሐሳብ ነው» እየተባለ ተሸኝቷል።

ከዲስቶኒያ ዓይነቶች አንዱ፣ በአማካይ በ16 ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚጀምረው፣ ምንጩ የተደረሰበት በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩት የአሚሽና የሜኖናይት ማኅበረሰቦች ዘንድ ነው። እነዚህ ከአውሮፓ የፈለሱ ክርስቲያኖች በአብዛኛው እርስ በርስ ይጋባሉ፤ የትውልድ ሐረጋቸውንም በጥንቃቄ መዝግበው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በሁለት የሜኖናይት ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ጂኑ በ8ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አመለከተ። ጂኑ ራሱ ታፕ-1 መሆኑ እስኪታወቅ ግን 12 ዓመት ፈጅቷል።

በእኛ አገር «እስከ ሰባት ቤት» የመቁጠር ልማድ ለዚህ ይበጅ ነበር የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቆጠራው ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ቅጂ ሲገናኝ ብቻ የሚመጡትን ሕመሞች ስጋት ይቀንሳል። ለዚህኛው ግን አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃል፤ ከባዳም ቢጋቡ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 ከመቶ ነው።

ታፕ-1 የሚያሠራው ፕሮቲን በ213 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ትንሽ ሰንሰለት ነው። በመነሻው ያለው ክፍል አንዲት የዚንክ አቶም አቅፎ ዲ.ኤን.ኤን ይጨብጣል፤ በዚህም ሌሎች ጂኖች ምን ያህል እንደሚሠሩ ያዛል። የሚገርመው፣ ይህ መጨበጫ በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ «ዘላይ ጂኖችን» ከቦታ ቦታ የሚያዛውረው ፕሮቲን ካለው መጨበጫ ጋር ዝምድና አለው። የዘላዮች ዘመድ ሥርዓት አስከባሪ ሆኖ ተሾመ ማለት ነው!

ጂን የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየተቆጠረ ነው። «አበበ አሮጌ ሰዓት ገዝቶ ሰጠኝ» የሚለውን እንውሰድ። ከ«አበበ» ቀጥሎ አንድ «ለ» ሾልኮ ቢገባና ሦስት ሦስቱን መቁጠር ብንቀጥል «አበበ ለአሮ ጌሰዓ ትገዝ ቶሰጠ» ይሆናል። በእነዚያ ቤተሰቦች የሆነው ይኸው ነው፤ 5 ፊደላት ገብተው 3 ወጡ። ትርፎቹ ሁለት ፊደላት ንባቡን ስላዛነፉት በ73ኛው ቦታ ላይ ያለጊዜው «አቁም» የሚል ምልክት ተፈጠረ። የተቆረጠው ፕሮቲን ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

ታዲያ የሚያዛቸው እነማንን ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከሚቆጣጠራቸው አንዱ ቶር-1ኤ ነው፤ ይህም ራሱ ሲበላሽ ሌላ የታወቀ ዲስቶኒያ የሚያስከትል ጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር፣ ታፕ-1 ሲጓደል የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማይሊን የሚሠሩት ህዋሳት በወቅቱ እንደማይጎለምሱ አመለከተ። በጸሐፊው አስተያየት የኋለኛው ይበልጥ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሕመሙ በልጅነትና በጉርምስና የሚገለጥበትን ምክንያት ከእድገት ጋር ያያይዘዋልና።

ሕክምናን በተመለከተ፣ የተኮማተረውን ጡንቻ የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ አለ፤ አንጎል ውስጥ በሚተከል ሽቦ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መስጠትም ብዙዎችን ረድቷል። ሆኖም ከእጅና ከአንገት ይልቅ ንግግር ለሕክምናው እምብዛም አይታዘዝም።

የተበላሸውን ቅጂ ከወረሱት መካከል የሚታመሙት 60 ከመቶ ያህሉ ናቸው። ቀሪዎቹ ያንኑ የተዛነፈ ንባብ በየህዋሳቸው ተሸክመው፣ እጃቸው ሳይጣመም ይጽፋሉ፤ ለልጆቻቸውም ሊያወርሱት ይችላሉ። ተመራማሪዎች አሁን ከታማሚዎቹ ጎን እነዚህን ጤነኞች የሚመረምሩት፣ አንጎላቸው ጉድለቱን በምን እንደሚያካክስ ለማወቅ ነው።