ነርሷ ብሌን ስትለካ

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የተደፋ ተማሪ ምን ነክቶት ነው? ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም የሆነ ነገር ወስዶ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚላከው ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ነው። ነርሷ እንዳትሳሳት ታስቦ የተዘጋጀ «ዲቴፕ» የሚባል ሥልጠና አለ።

የሥልጠናው መነሻ ግን አውራ ጎዳና ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች እየተንገዳገዱ የሚያዙ፣ የትንፋሽ መለኪያው ግን አልኮል የማያገኝባቸው አሽከርካሪዎች አስቸገሯቸው። ከሐኪሞች ጋር መክረው 12 ደረጃ ያለው ምርመራ አበጁ፤ ዕፆችንም እንደ ምልክቶቻቸው መደቧቸው፤ ዛሬ ምድቦቹ ሰባት ናቸው። ዲቴፕ ከዚህ ተቀንጭቦ ለትምህርት ቤት ሰዎች የተሰናዳ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለመምህራንም ለአስተዳዳሪዎችም ሲሆን ሁለተኛው ቀን በተለይ ለነርሶችና ምርመራውን ለሚያካሂዱ ነው።

ብዙውን ወሬ የሚያወጣው ዓይን ነው። በክፍል ብርሃን የጤነኛ ሰው ብሌን ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሄሮይን ወይም ፈንታኒል የወሰደ ሰው ብሌን ጠቦ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ ኮኬይንና አምፌታሚን ደግሞ ያሰፉታል። ነርሷ እስክሪብቶ በዓይኑ ፊት ወደ ጎን ስታንቀሳቅስ የተማሪው ዓይን እየዘለለ ከተከተለ አልኮል ወይም የማስተኛ ክኒን ይጠረጠራል። ማሪዋና ይህን ዝላይ አያመጣም፤ ዓይን ያቀላል፣ እስክሪብቶው ወደ አፍንጫ ሲጠጋም ሁለቱ ዓይኖች እኩል ወደ ውስጥ መዞር ያቅታቸዋል። ከዚያ ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ 30 ሰከንድ በግምቱ እንዲቆጥር ይደረጋል። አነቃቂ የወሰደ ብዙ ጊዜ ይቸኩላል፤ የሚያፈዝ የወሰደ ይዘገያል።

የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሰውነት ሙቀትም ይለካሉ። ግን ቢሮ ተጠርቶ የልብ ምቱ የማይፈጥን ልጅ የታለ? ትኩረት ለሚያጥራቸው ልጆች የሚታዘዘው መድኃኒትም ብሌን ሊያሰፋ ይችላል፤ ከተፈጥሮው ዓይኑ የሚዘልም አለ። ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም። በእኔ እይታ የሥልጠናው ትልቁ ጥቅም ሕመምን ከዕፅ መለየቱ ነው፤ የወረደ ስኳርና የጭንቅላት ጉዳት ስካር ይመስላሉ፣ ሲዘነጉም ይገድላሉ። ጠባብ ብሌንና የተቀዛቀዘ ትንፋሽ አብረው ከታዩ ደግሞ ጥያቄው የዲሲፕሊን መሆኑ ያበቃል። ያኔ የሚያስፈልገው የእነ ሄሮይንን መመረዝ የሚቀለብሰው፣ ወደ አፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን እና የአምቡላንስ ጥሪ ነው። መድኃኒቱ ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።

ሕጉም ለትምህርት ቤቶች ላላ ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በሰጠው ውሳኔ የትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪን ለመፈተሽ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃዋል፤ ፖሊስ የሚጠየቀውን ያህል ማስረጃ አያስፈልገውም። ታዲያ ጥርጣሬውን ምክንያታዊ የሚያደርገው በጥንቃቄ የተመዘገበ ምልክት ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ከተማ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ የሚወስደውም መድኃኒት ካለ፣ ምልክቱ በስካር እንዳይወሰድበት ትምህርት ሲጀመር ለነርሷ በጽሑፍ አሳውቁ።