አጥንት ቆጣሪው ሐኪም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1958፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሴንትራል ፖይንት በምትባል መንደር፣ ሸሪፉ ረዳቶቹን አስከትሎ ባልና ሚስት የተኙበት ክፍል ገባ። ባልየው ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ ነው፤ ሚስቱ ሚልድረድ በግዛቱ ሕግ «ባለቀለም» ናት። ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ከተጋቡ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላቸውም። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን የጋብቻ ወረቀት ቢያሳዩት እዚህ እንደማይሠራ ነግሯቸው አሰራቸው።

ወረቀቱን ዋጋ ያሳጣው ሕግ የተፈረመው ማርች 20 ቀን 1924 ነው። የቨርጂኒያ ገዥ በዚያው ዕለት ሌላም ሕግ ፈርሟል። አንደኛው ነጭ ከነጭ በቀር እንዳያገባ ይከለክላል፤ ሁለተኛው «አእምሮ ደካማ» የተባሉ ሰዎች በመንግሥት ተቋማት እንዳይወልዱ ተደርገው እንዲመክኑ ይፈቅዳል። ሁለቱም የዩጀኒክስ ልጆች ናቸው፦ የሰውንም ዘር እንደ ከብት መርጦ ማሻሻል ይቻላል የሚለው፣ በጊዜው ሳይንስ የተባለ እምነት ወለዳቸው።

የጋብቻውን ሕግ ያስፈጸመው ከ1912 እስከ 1946 የግዛቱን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የመራው ሐኪም ዋልተር ፕሌከር ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ፕሌከር አጥንት የቆጠረው ግን ባዕድ እንዳይገባ ነበር። ሕፃን ነጭ ነው ብላ ያስመዘገበችን አዋላጅ ሐሰት ከሆነ ትታሰሪያለሽ እያለ ይጽፍላታል። የምድሪቱን ነባር ሕዝቦች፣ ቀይ ሕንዶችን፣ ንጹሕ ሕንድ የቀረ የለም ብሎ «ባለቀለም» አደረጋቸው። በ1943 ደግሞ የተጠረጠሩ ቤተሰቦችን ስም በየካውንቲው ዘርዝሮ ለመዝጋቢዎች አሠራጨ። ሕጉ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። ታላላቅ የነጭ ቤተሰቦች ከሕንዷ ፖካሆንታስ መወለዳቸውን ይኮሩበት ስለነበር፣ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ያልበለጠ የሕንድ ደም ነጭነትን አያስቀርም ተባለ።

ይህ ሁሉ ቆጠራ በምን ይለካ ነበር? መልሱ ለአሥርተ ዓመታት በደብዳቤ ውስጥ ተቀብሮ ቆየ። የሕግ ታሪክ ተመራማሪው ፖል ሎምባርዶ ስለ ላቪንግ ጉዳይ መነሻ በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕጉን የገፉትን ሰዎች የግል ጽሑፎች ገላልጠው አሳዩ። ከነዚያ ሰዎች አንዱ ፒያኒስቱ ጆን ፓውል ነው። በ1942 ፕሌከር ለዚህ ወዳጁ ጽፎ ነበር። አንድ ጠበቃ ማስረጃህን አምጣ ብሎ ሲፋጠጠው ማፈግፈጉን ነገረው። ከዚያም በፍርድ ቤት እንደማይጸና እያወቀ ብዙ ጊዜ ሲያስፈራራ የኖረው በባዶ ድንፋታ እንደነበር ራሱ አመነ።

የደም መለኪያ አልነበረውም፤ የነበረው ማኅተም ነው። አዋላጇ ግን ይህን በምን ታውቃለች?

ጁን 12 ቀን 1967 በላቪንጎች ጉዳይ ዘጠኙም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የጋብቻውን ክልከላ ሻሩት። የማምከኛው ሕግ እስከ 1974 ቆየ፤ በእሱ ሰበብ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መክነዋል።

ላቪንጎች ዲሲ ላይ የሞሉት የጋብቻ ፈቃድ ማመልከቻም ዛሬ ይነበባል። ሚልድረድ የቀይ ሕንድ ዘር እንዳላት ትናገር ነበር፤ በቅጹ ላይ ከስሟ አንጻር የተጻፈው ዘርም «ሕንድ» የሚል ነው። ቨርጂኒያ ስትገባ ያ ቃል ተፋቀ። የፕሌከር መዝገብ ለእንደ እሷ ዓይነቱ ሰው የተወው አንድ ዓምድ ብቻ ነበር።