ካፋ፣ ቡና እና «ኮፊ»

«ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያው ካፋ ስም የተገኘ ነው ሲባል በዚያው በቦንጋ ከተማም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል በብዛት ይሰማል። አንዳንድ የውጭ መዛግብተ ቃላትም ሐሳቡን እንደ አንድ አማራጭ ይጠቅሱታል። የቃሉን መንገድ ወደ ኋላ ለተከተለ ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል አይደለም።

እንግሊዞች ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1598 ከደች ቋንቋ በተተረጎመ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ «ቻዉዋ» ተብሎ ይገኛል። ከዚያም አጻጻፉ ሳይረጋ ብዙ ቆይቷል። የዛሬው ቅርጽ የመጣው ከደች «ኮፊ» ሲሆን፣ የደቹ ከቱርክኛ «ካህቬ»፣ የቱርክኛው ከዐረብኛ «ቀህዋ» ነው። ቱርኮች የዐረብኛውን «ው» ወደ «ቭ» ለወጡት፤ አውሮፓውያን ደግሞ «ህ» እና «ቭ»ን ጨፍልቀው «ፍ» አደረጓቸው።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ቀህዋ» ቡና ከመታወቁ በፊት በዐረብኛ የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት ንቃት ሲሉ ቡና መጠጣት ሲጀምሩ፣ ስሙ ወደ አዲሱ መጠጥ ዞረ። ደግሞም ዐረብኛ «ከ»ም «ፈ»ም ስላለው «ካፋ»ን እንደሰማው ለመጥራት የሚያግደው ነገር አልነበረም። «ካፋ» በ«ከ» ይጀምራል፣ «ቀህዋ» በ«ቀ»፤ «ፍ» ያለው በመጀመሪያው ብቻ ነው። «ኮፊ» ካፋን የመሰለው ቃሉ አውሮፓ ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ መመሳሰሉ የአጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም።

ከካፋ አካባቢ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሯል ለማለት የተሻለ ተስፋ ያለው ሌላ ቃል ነው። ተክሉ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ በካፊኖኖ «ቡኖ»፣ በአማርኛ «ቡና» ይባላል፤ ዐረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። እነሱ ፍሬውንና መጠጡን በሁለት ስም ሲለዩ፣ አማርኛ ተክሉን፣ ፍሬውን፣ መጠጡንና የጎረቤት መጠራራቱን ሁሉ በአንድ ቃል ይጨርሳል። «ኑ ቡና ጠጡ» የተባለ ጎረቤት አንድ ሲኒ ጠጥቶ እንደማይነሣ ያውቃል።

የስሙ ጉዳይ የተክሉን አገር አይነካም። ዐረቢካ ቡና በዱር የሚበቅለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው፤ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አራቢካ» ሲል አውሮፓ የምታውቀው የዐረብ ምድር ቡና ነበርና፣ የትውልድ አገሩ ሳይጠራ ቀረ።

ከ«ኮፊ» ዘመዶች ሌሎችም ተወልደዋል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ገጣሚው ጎተ ከሰጠው የቡና ፍሬ የለየው ንጥረ ነገር «ካፌይን» ተባለ። «ሞካ» ግን ከ«ኮፊ» ሳይሆን ከየመኑ ወደብ ከሙኻ ስም የመጣ ነው። «ካፌ»ና «ካፍቴሪያ» ደግሞ ከውጭ ዞረው አማርኛ ውስጥ ገብተዋል።