በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ስለ ጸጋና ስለ ሥራ

የማስታገሻ ሕክምና ነርስ ነኝ። ከሕመማቸው ይድናሉ ተብለው የማይጠበቁ ሰዎችን በየቤታቸው እየሄድኩ አያለሁ። የሞርፊን ሽሮፑን መጠን አስተካክላለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሕመምተኛው ጀርባው እንዳይቆስል ቤተሰቡ እንዴት እያገላበጠ እንደሚያስተኛው አሳያለሁ። ስቃዩ ጋብ ሲል ደግሞ ሌላ ጭንቀት ብቅ ይላል። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው ጥቂት ተኝቶ ሲነቃ፣ «ሲስተር፣ እግዚአብሔር የሚቀበለኝ ይመስልሻል?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ጥያቄው ከኦርቶዶክሱም ከጴንጤውም ይመጣል። ፍርሃታቸው ግን መልኩ ይለያያል። ኦርቶዶክሷ እናት የጾመችውን፣ የሰጠችውን፣ ያስቀረችውን ስግደት ታሰላና ጎደለብኝ ትላለች። ወንጌላዊው አባት በሥራ እንደማይዳን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲማር ኖሯል፤ ስለዚህ እምነቱን ይመረምራል፤ «ከልቤ አምኜ ነበር ወይ? ያ ጸሎት እውነተኛ ነበር ወይ?» ይላል። እምነቱን ራሱን እንደ ሥራ መመዘን ይጀምራል። ሁለቱም ወደ ራሳቸው ሲያዩ የሚያርፉበት ነገር ያጣሉ።

ይህን የሚያባብሰው ቤተሰብ ነው። አንዲት የጡት ካንሰር ያለባቸው እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ፕሮቴስታንት ነው፣ እህታቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጁ በቀኝ በኩል መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ፣ «እማዬ፣ በሥራሽ አትድኚም፣ ዛሬ ወስኚ» ይላል። አክስቱ በግራ በኩል የጸበል ጀሪካን ታቅፈው፣ «አርባ ዓመት የጾመችውን ልታስክዳት ነው?» ይላሉ። እናትዬው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ዝም አሉ። እጃቸው አንሶላውን ጨምድዶ ይዟል፣ ትንፋሻቸው ፈጥኗል። በዚያ ሰዓት መድኃኒት ብጨምር አይጠቅማቸውም ነበር። ሁለቱንም ወደ ሳሎን አስወጣኋቸው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ለሁለቱም የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው። «ኦርቶዶክስ በሥራ እድናለሁ ትላለች» የሚለው ወሬ ነው። ጵላግዮስ የሚባለው መነኩሴ ሰው በተፈጥሮ ፈቃዱ ብቻ ትእዛዛትን ፈጽሞ መኖር ይችላል ብሎ ሲያስተምር አውግስጢኖስ አጥብቆ ተከራከረው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ418 የካርታጎ ጉባኤ አወገዘው። ይህን የሮማውያን ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው የኤፌሶን ጉባኤም በ431 ንስጥሮስን ሲያወግዝ የጵላግዮስን ባልደረባ ሴለስጢዮስንም አብሮ አውግዟል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዓይናችን ሥር ያለው ምስክር ክርስትናው ነው። ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እናጠምቃለን። ያ ሕፃን ምን ጾሟል? ምን መጽውቷል? ምንም ሳይሠራ ተሰጠው።

«ፕሮቴስታንት አምኛለሁ ካለ የፈለገውን ይሠራል» የሚለውም ያው ወሬ ነው። ሉተር በ1525 ለሊቁ ኢራስመስ ሲመልስ የሰው ፈቃድ በራሱ ወደ እግዚአብሔር መዞር አይችልም ብሎ እስከ መጨረሻው ተሟገተ፤ እውነተኛ እምነት ግን ያለ በጎ ሥራ ይቀራል ብሎ አላስተማረም። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 መዳን በጸጋ ነው ካለ በኋላ ወዲያው የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ ነው ይላል። አንድ ወንጌላዊ የነበሩ ጡረተኛ ሾፌር አስታውሳለሁ። ስለ መዳናቸው ጥርጥር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከጎረቤታቸው የተበደሩት ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ አጡ። «ለመጽደቅ አይደለም ልጄ፣ የሰው ገንዘብ ይዤ እንዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ልጃቸው ከፍሎ ሲመጣ ተኙ።

ልዩነቱ የለም እያልኩ አይደለም። ጸጋ ሲሰጥ የሰው ፈቃድ አብሮ ይሠራል ወይስ ተቀባይ ብቻ ነው የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ካልቪናውያን በ1618 እና በ1619 በዶርት የተሰበሰቡት በዚሁ ነው። ሆኖም ጥቅምት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999፣ ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጀርመን አውግስቡርግ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የኛው መካነ ኢየሱስ የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት። ሰው በራሱ ብቃት ሳይሆን በክርስቶስ ጸጋ ተቀባይነት ያገኛል የሚለውን በአንድ ላይ ለመናገር የተጣሉት ወገኖች ጠባቸው አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተስማሙ። ኦርቶዶክሳውያን በዚያ ፊርማ ውስጥ የሉም፤ ቢሆንም ለታማሚ ቤት ክርክር ትልቅ ትምህርት ነው።

በሙያዬ አጥብቄ የምቃወመው ግን «ዛሬ ወስኚ» የሚለውን ነው። ካንሰሩ አጥንት ገብቶ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲጨምር፣ ወይም ጉበት ሲደክም አእምሮ ይደበዝዛል። ሰውየው ጠዋት ልጁን ያውቃል፣ ማታ በሞተች እናቱ ስም ይጠራታል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው የሕክምና ስምምነት ቅጽ እንኳ አላስፈርመውም፤ ሕጉም ሕሊናዬም አይፈቅዱልኝም። ታዲያ የነቀነቀውን ራስ የእምነት ምስክር ብሎ መያዝ፣ ሳይነቀንቅ ቢቀር ደግሞ ጠፋ ብሎ ማልቀስ ምን ይባላል? ነጻ ፈቃድን እናከብራለን የምንል ሰዎች ፈቃዱ የደከመውን ሰው ልናስገድደው አይገባም።

በጾሙም በኩል እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ወተት አልጠጣም፣ መድኃኒቱን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የምወስደው የሚሉኝ አሉ። ከእነሱ ጋር አልከራከርም። ንስሐ አባታቸው እንዲጠሩ አደርጋለሁ። ሕመምተኛ እንዲጾም ሥርዓቱ ስለማያስገድድ፣ እኔ ስለምነው የዋልኩትን እሳቸው በአንድ ቃል ይፈቱታል።

ቤተሰቦችን የምለምነው ይህን ነው። ካህን ወይም ፓስተር ለመጥራት የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቁ። ሕመምተኛው አእምሮው ንጹሕ ሳለ ማንን እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት፤ መልሱ የእናንተ ምርጫ ባይሆንም ያለውን ሰው ጥሩለት። ክርክሩን ከፈለጋችሁ ሳሎን ሆናችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ቀጥሉ።