አንድ እጅ፣ ሁለት ትርጉም

የአምስቱን ጣቶች ጫፍ አጋጥሞ፣ ወደ ላይ አቅንቶ እጅን ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማድረግ በካይሮ፣ በቤይሩት ወይም በሪያድ «ጥቂት ታገሥ» ማለት ነው። በእስራኤልም እንዲሁ። ያው እጅ የሜዲትራንያንን ባሕር ተሻግሮ ኔፕልስ ሲደርስ ግን «ምን ማለትህ ነው?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል። አንዱ ትዕግሥት ይለምናል፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት ማለቁን ይናገራል። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ሥራ የጀመረች ኢትዮጵያዊት ዓረብኛውን ሳትለምድ ይህን እጅ አይታ ቁጣ ቢመስላት አይፈረድባትም።

በአገር ቤት ሰው ሲጠራ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ጣቶች ወደ ራስ ይሰበሰባሉ። መዳፍን ገልብጦ በአንድ ጣት «ና» ማለት፣ በተለይ ለታላቅ ሰው፣ ንቀት ነው። ለአብዛኛው አሜሪካዊ ግን የአገር ቤቱ ጥሪ «ሂድ» ወይም «ደኅና ሁን» መስሎ ይታየዋል።

እንዲህ ያለው ስሕተት መሪዎችንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ካንቤራን ሲጎበኙ፣ ከመኪናቸው ውስጥ ሆነው ሁለት ጣቶቻቸውን በ«ቪ» ፊደል ቅርጽ አነሡ። የእጃቸው ጀርባ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ነበር። ይህ በአውስትራሊያም ሆነ በብሪታንያ ነውረኛ ስድብ ነው፤ መዳፉ ቢዞር ኖሮ ድል ወይም ሰላም በሆነ ነበር።

እጅን እያንቀሳቀሱ መናገር በራሱ ከማየት የሚቀሰም ልማድ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ ከውልደታቸው ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ልጆች የሚያዳምጣቸውም ሰው ዓይነ ስውር መሆኑን እያወቁ ሲናገሩ እጃቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። የትኛው እንቅስቃሴ ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ግን ማኅበረሰቡ ነው።

ይህ ጉዳይ በ1930ዎቹ የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ነበር። የናዚ ጸሐፊዎች የእጅ አጠቃቀም ከዘር ጋር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። በኒው ዮርክ የታዋቂው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ የፍራንዝ ቦአስ ተማሪ የነበረው አርጀንቲናዊው ዴቪድ ኤፍሮን፣ አባባሉን የመረመረው በስደተኞች ሰፈር ነው። ከአንድ ሠዓሊ ጋር ሆኖ ሰዎች ሲነጋገሩ ተመለከተ፣ ፊልም ቀረጸ፣ አሣለ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁድ ክርናቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው እጃቸውን በጠባብ ስፍራ ያንቀሳቅሱ፣ ያናገሩትንም ሰው ይነኩ ነበር። ከደቡብ ኢጣሊያ የመጡት ደግሞ ከትከሻቸው ጀምረው ክንዳቸውን ሰፊ አድርገው ይዘረጋሉ፤ ሁሉም የሚያውቃቸው፣ ቃልን የሚተኩ ምልክቶችም ነበሯቸው። ከአሜሪካ ኑሮ ጋር በተዋሐዱት የሁለቱ ወገኖች ልጆች ላይ ግን ልዩነቱ ደብዝዞ ተገኘ፤ እጃቸው አብረዋቸው የሚኖሩትን አሜሪካውያን መስሎ ነበር። ሁለቱን ዓለም አደባልቀው የያዙም ነበሩ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲታተም፣ እጅ የሚከተለው ሰፈርን እንጂ ደምን አለመሆኑን በማስረጃ አሳየ።

ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተወልዶ ያደገ ልጅ አያቱን መዳፉን ገልብጦ ቢጠራ፣ ቤተሰቡ «ባለጌ» ከማለቱ በፊት ይህን ጥናት ቢያስታውስ ይበጃል። ልጁ የሰፈሩን ቋንቋ ነው የተናገረው። ነውርነቱን ካልነገሩት ደግሞ ከየት ያውቀዋል?

አሁን ሰፈር የሌለው ተመልካች መጥቷል፤ ኮምፒውተር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ሥርዓት በካሜራ የታየን እጅ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ በ21 ነጥቦች ይለያል። ነጥቦቹ ቅርጹን በሚገባ ይናገራሉ፤ ለቅርጹ ስም የሚሰጠው ግን መሐንዲሱ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሶፍትዌርም በቪዲዮ ጥሪ ላይ አውራ ጣቱን ላነሣ ሰው የይሁንታ ምልክት በራሱ ይሥልለታል። በኢራን፣ በተለይ በአዛውንቶች ዘንድ፣ የተነሣ አውራ ጣት የቆየ ስድብ ነው። ተጠቃሚው አገልግሎቱን ማጥፋት ይችላል፤ ሲወጣ ግን በርቶ ነበር የመጣው።