ከእግራችን በታች ማን አለ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን አንድ ፊልም አየን። ዓለም በታላቅ መቅሠፍት ጠፍታ የተረፉት ሰዎች ከምድር በታች ዋሻ ቆፍረው ይኖራሉ፤ ከእነሱም በታች ሌላ ፍጥረት አለ፤ እየወጣ ይበላቸዋል። ሁላችንም ስንስቅና ስንጮህ የአዋሽ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ብቻ ዝም አለ። ኋላ ስንጠይቀው፣ «እናንተ ፊልም አያችሁ፤ የኔ ታናሽ ወንድም ግን ዛሬም እቤት ውስጥ አልተኛም ይላል። ግድግዳውን የሚመቱት ከመሬት ሥር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ብለው ነግረውታል» አለን። ሳቃችን እዚያ ላይ ቆመ። በማስተማር ልምምድ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህንኑ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? ከመካከላችን መልሱን አሟልቶ የሚያውቅ አልተገኘም። በሳምንቱ ውስጥ መምህራኖቻችንን ጠይቀን፣ ቤተ መጻሕፍትም ገብተን ያገኘነውን ለአንባብያን እነሆ እንላለን።

እንደሚታወቀው አፋር ሦስት የምድር ቅርፊት ንጣፎች የሚለያዩበት አገር ነው። የመለያየቱ ፍጥነት በሰሜን አፋር በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በአዋሽ በኩል ደግሞ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥፍራችን እንኳ ከዚህ ይበልጥ ያድጋል። ታዲያ ይህን ያህል ቀስ ያለ ነገር እንዴት ቤት ያፈርሳል? ግንድ በሽብልቅ ሲፈለጥ ያየ ሰው ይገባዋል። ሽብልቁን ሲመቱት ሲመቱት ግንዱ ምንም አይልም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ከምድር በታች ሽብልቁ ቅልጥ ዐለት ነው። ወደ ላይ መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን እየሰነጠቀ፣ እንደ ቀጭን ግድግዳ ቆሞ ይዘረጋል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ዳይክ ይሉታል። ዐለቱ በተሰነጠቀ ቁጥር ከላይ ያለው ሰው ይናወጣል። ግድግዳ መቺው እሱ ነው።

ይህ በግልጽ የታየው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ነው። ከሰመራ በስተሰሜን ምዕራብ በዳባሁ ተራራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገባ፤ ምድሪቱም እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ልኩ የታወቀው በሳተላይት ነው። በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ብንቆጥር የ400 ዓመት ሥራ መሆኑ ነው (ሒሳቡን ለተማሪዎች መስጠት ይቻላል)። መስከረም 16 ቀን፣ በደመራው ዕለት፣ በዳባሁ ሥር መሬት ተሰንጥቃ አመድ ተፋች። ቅልጥ ዐለቱ ግን አብዛኛው ሳይወጣ እዚያው ከታች ቀረ።

በአዋሽ ፈንታሌ የሆነውም የዚሁ ዘመድ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዐለት ከሥር ሲገባ መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የደረሰው በመለኪያ 5.7 ያህል፣ የካቲት 7 የደረሰው ደግሞ 6 ያህል ነበር። ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ሄደ፤ የጓደኛችንም ቤተሰብ አብሮ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ቅልጥ ዐለቱ ገጸ ምድር ላይ አልታየም። የማይታይ ነገር ነውና ወሬ ቢበዛበት አይደንቅም፤ በልጁ አንፈርድም።

የሰመራ ልጆች ደግሞ የሰርዶን ነገር ያነሣሉ። ከሰመራ በስተምሥራቅ ያለችው ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ ፈርሳ ሰዎች ሞተውባታል። በቅርቡም ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሄዷል።

ከዚሁ እሳት ውኃ የሚቀዳ ሕዝብም አለ። የአፋር አርብቶ አደሮች እንፋሎት በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ድንጋይ ክበው እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ውኃ ያደርጉታል። ቦይና ይባላል፤ ዳባሁ ራሱ ሁለተኛ ስሙ ቦይና ነው። የፊልሙ ሠሪዎች ይህን ሳያውቁ መቅረታቸው ያሳዝናል!

እንግዲህ «ከመሬት በታች ሰዎች አሉ ወይ?» ለሚለው መልሳችን፣ አዎን አሉ፣ ግን ግድግዳ አይመቱም የሚል ነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። አርዲ ከአራሚስ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ከሄርቶ የወጡት የራስ ቅሎች፣ የእኛው ዓይነት ሰዎች፣ 160 000 ዓመት ይሆናቸዋል። ዕድሜያቸውን የነገረን ማን ነው ብትሉ ያው እሳተ ገሞራው ነው። አመዱ ሲወርድ በውስጡ ያሉት ክሪስታሎች ፖታሲየም ይዘዋል፤ ከዚያ ጥቂቱ ከዘመን ዘመን ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። የተጠራቀመውን አርገን በመለካት አመዱ መቼ እንደ ወደቀ ይታወቃል፤ ከአመዱ በላይና በታች ያለው አጥንትም ዕድሜውን ከዚያ ያገኛል። ሰው ያሸሸው አመድ የሰውን መዝገብ ጠበቀ ማለት ነው።

ከመቅሠፍት በኋላ ስለ ተረፉ ሰዎች መናገርም ተረት ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ከአፋር ወጥተን ወደ መተማ እንሂድ። ከ74 000 ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ እጅግ በኃይል ፈንድቶ ነበር። በሽንፋ ወንዝ ዳር በተገኘ ጥንታዊ ሰፈር የቶባ ደቃቅ የመስተዋት ቅንጣት አፈሩ ውስጥ እንዳለ በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተገልጿል። ሰዎቹ ከዚያም በኋላ እዚያው ኖረዋል። ወንዙ ሲጎድል በየኩሬው የቀረውን ዓሣ አብዝተው በሉ። ሰፈራቸው ገላጣ ቦታ ነበር፤ ዋሻ አልገቡም።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ግድግዳና ጣሪያ ወድቆበት እንጂ መሬት ውጦት አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎች ሲናወጥ ዴስክ ሥር ገብተው ራሳቸውን እንዲከልሉ፣ ሲቆምም ሳይጋፉ ወደ ሜዳ እንዲወጡ አስቀድሞ ማለማመድ የኛ ሥራ ነው።

ጓደኛችን የሽብልቁን ነገር ለወንድሙ በስልክ አስረድቶታል። ልጁም አዳምጦ ሲያበቃ፣ «እሺ፣ ሽብልቁ አሁን የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀው። ጥያቄውን ለፊዚክስ መምህራችን አቅርበን መልሱን እየጠበቅን ነው።