«ኢታሊ» ፊርማ አይደለም

ከዓመታት በፊት በአንድ የሮም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስዘዋወር ዓይኔ አንዲት ሰማያዊ የሴራሚክ አበባ ማስቀመጫ ላይ አረፈ። ሻጩ «የአልዶ ሎንዲ ሥራ ናት» አለኝ። ገልብጬ ግርጌዋን ሳይ በእጅ የተጻፈ ቁጥርና በእንግሊዝኛ «ኢታሊ» የሚል ቃል አገኘሁ። ሌላ ማስረጃ አልጠየቅሁም፤ ከፍዬ ይዣት ወጣሁ። ሕግ የተማረ ሰው ማስረጃ የሚጠይቀው በሌላው ጉዳይ እንጂ በራሱ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ለመሆኑ ሎንዲ ማን ነው? በ1911 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በፍሎረንስ አቅራቢያ፣ በሸክላ ሥራ ለዘመናት በታወቀችው በሞንቴሉፖ ፊዮረንቲኖ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ደቡብ አፍሪካ ከታሰረ በኋላ አገሩ ተመልሶ በ1946 በቢቶሲ ፋብሪካ የጥበብ ኃላፊ ሆነ። በ1950ዎቹ ያወጣቸው «ሪሚኒ ብሉ» የሚባሉት ሥራዎቹ ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ጭቃው እርጥብ እያለ ጌጥ ይታተምበታል፤ ደርቆ ይተኮሳል፤ ከዚያ ቅብ ተቀብቶ ዳግም እሳት ይገባል። ኮባልት ጥልቁን ሰማያዊ፣ መዳብ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ይሰጣል። ቅቡ በእሳት ቀልጦ በጎድጓዳው ሲጠራቀም ይጠቁራል፤ በጠርዙ ሲሳሳ ይፈካል። ውበቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ችግሩ ያለው ግርጌው ላይ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ የሠሪ ስም የለባቸውም። አብዛኞቹ የተሠሩት ለውጭ ገበያ፣ በተለይም ለአሜሪካ ነበር። አሜሪካ ደግሞ በ1890 ባወጣችው የታሪፍ ሕግ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ አዛለች። እንግዲህ እኔ ፊርማ ብዬ የገዛሁት ለጉምሩክ ሹም የተጻፈ ቃል ኖሯል! «ሬይሞር» የሚለው ተለጣፊ ወረቀትም ቢሆን የኒውዮርክ አስመጪ ስም እንጂ የሠሪ አይደለም። ይኸው አስመጪ ከቢቶሲም፣ የፍሎረንሱ ሰው ከማርቼሎ ፋንቶኒም ያስመጣ ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በዚህ ገበያ ደግሞ ስም ከዕቃው በላይ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ሰማያዊ የሆነው ሁሉ ሎንዲ ይባላል። የማስረዳት ሸክሙ ግን ስሙን የጠራው ሻጭ ነው። ገዢ የሆነ ሰው የታተመውን ጌጥ፣ የጭቃውን ቀለም፣ የቁጥሩን አጻጻፍ ከታወቁ ሥራዎች ጋር ያስተያይ፤ ሞንቴሉፖ ያለው የቢቶሲ ሙዚየም ለዚህ ይጠቅማል። «የሎንዲ ሥራ» እና «የሎንዲ ነው ተብሎ የሚገመት» የሚሉት ሐረጎች እኩል አለመሆናቸውንም ልብ ይበል። ሻጩ በአፉ ያለውን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ይጠይቅ። ካቅማማ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

የእኔዋን ከታወቁት ጋር ሳስተያያት ማኅተሟ ከአንዱም አልገጠመም። ሆኖም አልጣልኳትም፤ ያልታወቀ ሠራተኛም እጅ አለው። ውስጧ ግን ትንሽ ወረቀት አኑሬያለሁ፦ «ጣሊያን፤ ሠሪው ያልታወቀ»። ከእኔ በኋላ የምትደርሰው ሰው እንደኔ አይታለልም።